ምስጥና ሦስቱ ክንፎች

ወንድሜን ሰፈሩ የሚያውቀው «ምስጥ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ስሙን ያወጣንለት እኛው ቤተሰቦቹ ነን። ልጅ ሆኖ የበር መቃንም ይሁን የአልጋ እግር፣ እንጨት ካገኘ ሳይፍቅ አያልፍም ነበር። አንዴ የአባታችንን ከዘራ ከመሃል ቦርቡሮ ቦርቡሮ፣ አባባ ሊደገፈው ሲል ለሁለት ተሰብሮ መንገድ ላይ ዘረጋው። አናጢ ሆነ ሲባል ማንም አልደነቀውም። እኔን እስካሁን የሚደንቀኝ ሌላ ነው፤ ይህን ሁሉ ወንበር ለሰው ሲሠራ ኖሮ አንዱ ላይ ቁጭ ብሎ ምሳውን ጨርሶ አያውቅም። ግማሹን ቆሞ፣ ግማሹን እየተንጎራደደ ይበላና የጎረሰውን ሳይውጥ መላጊያውን ያነሳል።

እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የፈተና ወረቀት ስጽፍ፣ ሳትምና ሳባዛ ኖሬያለሁ። ከሱና ከሚስቱ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ስለምኖር ይህን ታሪክ ከሰው አልሰማሁትም፤ ከነመጋዙ ጩኸት አብሬ ኖሬዋለሁ። ትዕግሥተኛ ነኝ አልልም። እሱ እግሩ አያርፍም፣ እኔ ምላሴ አያርፍም፤ የወለደችን አንድ እናት ናት።

ዋናው ጭቅጭቃችን በዓይኑ ላይ ነው። ሜትር ከኪሱ ሲያወጣ ያየ የለም። «እትዬ፣ ሜትር እኮ ዓይን ለሌለው ሰው ነው» ይለኛል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጣውላውን ወደ ብርሃን እያነሳ። እውነቱን ለመናገር በወንበርና በጠረጴዛ ዓይኑ አሳፍሮት አያውቅም። እኔን የሚያበግነኝ ልክ መሆኑ ሳይሆን ልክ መሆኑን ማወቁ ነው። «የሰው ዓይን ይሳሳታል፣ አትመነው» እያልኩ ስንት ዓመት ጨቀጨቅኩት።

ነገሩ የጀመረው ከሚስቱ ጉልበት ነው። ሚስቱ አሥራ አራት ዓመት ክር ፋብሪካ ውስጥ ቆማ ሠርታለች። እዚያ ወንበር የለም፤ ሰው የሚያርፈው ማሽኑ ሲቆም ነው፣ ማሽኑ ደግሞ አይቆምም። በመጨረሻ ጉልበቶቿ አብጠው ደረጃ መውጣት አቃታት። ሐኪሙ «ተቀምጠሽ የምትሠሪው ሥራ ፈልጊ፤ አለዚያ ከጥቂት ዓመት በኋላ መራመድም ያቅትሻል» አላት። ምስጥ ይህን ሲሰማ በሁለት ቀን ውስጥ የጫጩት ማስፈልፈያ ሣጥን ሠራላት፤ ስልሳ እንቁላል የሚይዝ፣ በአምፖል የሚሞቅ። ከጎኑ አጠር ያለች በርጩማ አደረገላት። በቀን ሦስት ጊዜ እዚያች ላይ ተቀምጣ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ታገላብጣለች። ያኔ ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

ከዚያ መብራት መጥፋት ጀመረ። የመጀመሪያውን ዙር በስምንተኛው ቀን አጣችው። ሁለተኛው የባሰ ነበር፤ ጫጩት በሃያ አንደኛው ቀን ነው የሚፈለፈለው፣ እነዚያ አሥራ ዘጠነኛው ላይ ደርሰው ነበር። መብራቱ ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ዋለ፣ በማግስቱም አልመጣ። ብርድ ልብስ ደረብን፣ በጠርሙስ ሙቅ ውሃ ከበብናቸው፣ አልሆነም። እሷ ስልሳውንም እንቁላል አንድ በአንድ ሰብራ አየች። ላባ ያበቀሉ ነበሩ። ሲያልቅ ዛጎሉን ጠርጋ «አንድ ጊዜ ደግሞ እሞክራለሁ። ይሄም ከሞተ ግን እዚህ ቤት ጫጩት የሚል ሰው እንዳልሰማ» አለች።

በዚያው ሰሞን የፋብሪካው የድሮ ካቦዋ ደወለ። «አንዷ ሠራተኛ ለቃለች፤ ቦታውን እስከ ወሩ መጨረሻ እይዝልሻለሁ፣ ከዚያ በኋላ አልችልም» አላት። እኛ እምቢ ትላለች ብለን ስንጠብቅ «እነግርሃለሁ» ብላ ዘጋችው። ምስጥ ያቺን ቃል ሲሰማ እጁ ላይ የነበረውን መዶሻ አስቀመጠው። መዶሻ ሲያስቀምጥ አይቼው ስለማላውቅ ደነገጥኩ።

«እኔ በሕይወት እያለሁ ተመልሰሽ ማሽን ሥር አትቆሚም» አላት።

«መብራቱን አንተ ታመጣዋለህ?» አለችው፤ ለማሾፍ ነበር።

«አዎ፣ አመጣዋለሁ» አላት።

ያለነው ዳገት ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ የታጠበ ልብስ ከገመድ ፈትቶ ጎረቤት ያደርሳል። ምስጥም ነፋሱን ሥራ ላስይዘው አለ። በጎረቤታችን ያሉት ሽማግሌ በያጅ ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ ዲናሞ ነበራቸው፤ እሳቸው ዲናሞውን ረጅም ቧንቧ ላይ በየዱለት፣ እሱ ደግሞ ከጣውላ ሦስት ክንፍ ጠርቦ ገጠመለት። ነፋሱ ክንፉን ያዞራል፣ ክንፉ ዲናሞውን፣ ዲናሞው ባትሪውን ይሞላል፣ ባትሪው አምፖሎቹን ያበራል። ክንፎቹን የጠረባቸው እንደ ልማዱ በዓይኑ ነበር። ጣሪያው ላይ ሲሰቀሉ ሰፈሩ ወጥቶ «ምስጥ ክንፍ አወጣ!» እያለ ሳቀ። ሳቁ ሦስት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን የነፋስ መዘውሩ ጣሪያውን እያንቀጠቀጠ ተነሳና አንዱ ክንፍ ተገንጥሎ የጎረቤትን የውሃ በርሜል ሰነጠቀው።

ሽማግሌው በያጅ የተረፉትን ሁለት ክንፎች አገላብጠው አዩ። «እያንዳንዱ ለብቻው ያምራል» አሉት፤ «ወንድማማች ግን አይደሉም። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ከሆነ ሲሽከረከሩ ይጣላሉ። ንድፍ ሥራ፣ ልክ አውጣ፣ ሦስቱንም በአንድ ልክ ጥረብ። አትቸኩል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

የምስጥ ሚስት ከበርጩማዋ ላይ ሆና «ጋሼ፣ ይህን የተናገረው ሰው ቤት መብራት አይጠፋም ነበር» አለቻቸው።

እንቁላሎቹ ግን ቀድመው ታዘው ስለነበር በማግስቱ መጡ። ለም እንቁላል ብዙ ቀን አይጠብቅም። ስልሳውንም ሣጥኑ ውስጥ ደረደረችና ግድግዳው ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አሰመረች። ከሃያ አንዱ ቀን የመጀመሪያው ነበር፤ ሃያ አንደኛው ቀን ደግሞ ካቦው ከያዘው ወር መጨረሻ ጋር ገጠመ። ከዚያ ወዲያ ሁላችንም ልባችን እንደተሰቀለ ከረመ።

ምስጥ ንድፍ በኮምፒውተር እንደሚሠራ ከሰው ሰምቶ ላፕቶፔን ይዞ ጠፋ። አንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ የታወቀውን የንድፍ ፕሮግራም የተሰረቀ ቅጂ ጫነለት። ከፕሮግራሙ ጋር ቫይረስ አብሮ ገብቶ የሁለት ክፍል ፈተናዬን ቅርጥፍ አድርጎ በላው። የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። እሱም ዓይኑን በጨው ታጥቦ «እትዬ፣ ፈተና እኮ በቃልሽ ታውቂዋለሽ» አለኝ። ላፕቶፑ ጸድቶ ሲመለስ ሌላ ፕሮግራም አገኘ፤ ይኼኛው ለሙከራ የሚሰጥ ነበር፣ መሳል ይቻላል፣ ማተም ግን አይፈቅድም። ይህን ያወቀው አንድ ሙሉ ቀን ከሳለ በኋላ ነው። አራተኛው ቀን ሆነ። መብራት በየቀኑ አንድ ሁለት ሰዓት እየሄደ ይመለስ ነበር፤ በሄደ ቁጥር ሚስቱ ብርድ ልብሱን ታለብሳለች፣ ምስጥ በግቢው ዙሪያ ይሽከረከራል።

እኔ ነኝ ወደ ሞያ ትምህርት ቤቱ የወሰድኩት። እዚያ የንድፍ መምህርት አለች፤ ቀጭን፣ የማትቸኩል ሴት፣ ጆሮዋ ላይ እርሳስ የማይለያት። ነገሩን ሰምታ ፍላሽ ሰጠችው።

«ይሄ ነፃ ነው» አለችው።

«ነፃ ማለት የተሰረቀ?»

«አይደለም። የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ማንም ይጠቀምበት ብለው የለቀቁት ነው።»

«እና ምን ይፈልጋሉ?»

«ምንም።»

ምስጥ ፍላሹን እንደ እሳት በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ ምንም የማይፈልግ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። መምህርቷ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ አንድ ነገር አስጠነቀቀችው። «እያንዳንዱ ገጽ ላይ አሥር ሴንቲ ሜትር የሆነች ቀጥ ያለች መስመር ጨምር። ሲታተም መስመሯን በማስመሪያ ለካት። ሳትለካ ወረቀቱን እንዳታምን።»

የሚቀጥሉትን አራት ቀናት እሱ ከማውስ ጋር ሲታገል አሳለፍን። ያ ፀጉር የሚያህል ሽርፍራፊ በመላጊያ የሚያነሳ እጅ አንዲት ነጥብ መንካት አቅቶት በላብ ይጠመቃል። መስመር ይስላል፣ ይጠፋበታል፣ ይነሳል፣ በሩ ድረስ ሄዶ ይመለሳል። ቢሆንም ገባው። ክንፉ ዳቦ ቢሆንና አምስት ቦታ ላይ ቢቆረጥ፣ የእያንዳንዱ ቁራጭ ገጽ ምን እንደሚመስል ሳለ፤ ሥሩ ሰፊ፣ ወደ ጫፍ ሲሄድ እየጠበበና እየተጠማዘዘ የሚሄድ። ወረቀቱ ካርቶን ላይ ተለጥፎ ሲቆረጥ ልክ ይሆናል። ልኩን በየቦታው ክንፉ ላይ ትደግነዋለህ፤ በመሃል ብርሃን ካላለፈ ክንፉ ልክ ነው።

«አንድ ልክ ለሦስቱም ይበቃሃል» አሉት በያጁ።

እሱ ግን ሦስት ጠረጴዛ ላይ ሦስቱንም ክንፍ በአንዴ ሊጠርብ ፈለገ። አንዱ ላይ ረግቶ መጨረስ አይችላ! ለየጠረጴዛው የየራሱ ልክ እንዲኖር ሦስት ጊዜ እንዲታተም ወሰነ። በዘጠነኛው ቀን ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ገጾች እኔ አተምኩለት፤ ስድስተኛው ሊወጣ ሲል መብራት ሄደ። ጥቂት ጠብቅ ብለው ወይ ፍንክች። ፍላሹን መንጭቆ ማተሚያ ቤት ሄዶ የቀሩትን ሁለት ዙሮች እዚያ አሳተመ። ከኋላው «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች!» ብዬ ጮኬበታለሁ።

ሦስት ቀን ሙሉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዘለለ ጠረበ። በዓይኑ ሳይሆን በካርቶኑ ነበር የሚሠራው፤ እንዲያውም ዓይኑን ላለማመን ይመስል ፊቱን ዘወር ያደርግ ነበር። እኔ በልቤ ኮራሁ፣ በመጨረሻ ሰማኝ ብዬ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ክንፎቹ ወጡ። ነፋሱ ተነሳ። መዘውሩ ዞረ፣ ፈጠነ፣ ከዚያ ያ የተረገመ መንቀጥቀጥ ተመልሶ መጣ። የጣሪያው ቆርቆሮ ሲንቀጫቀጭ ሚስቱ ከማስፈልፈያው ክፍል ወጥታ ቀና ብላ አየች። ምስጥ ወጥቶ በገመድ አሰረው።

በያጁን ወቀሰ፣ ቧንቧውን ወቀሰ፣ ነፋሱን ሳይቀር ወቀሰ። ሚስቱ ማንንም አልወቀሰችም። ማታ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ «ሰኞ ለካቦው እደውልለታለሁ» አለች። እኔም «ዓይንህን ስትተው እጅህ ከዳህ!» አልኩት። እንዲህ ያለ ቃል ያን ጊዜ መናገር አልነበረብኝም።

በማግስቱ ቢሮዬ ስገባ የሒሳብ መምህሩ ፈተና ይዘው ጠበቁኝ። «እመቤት፣ ይህ ጎን አሥር ሴንቲ ነው ተብሎ ተጽፏል። ተማሪዎቹ በማስመሪያ ሲለኩት ዘጠኝ ሴንቲ ከስድስት ሚሊ ይወጣል። ግማሹ ክፍል ተሳሳተ» አሉኝ።

«የጻፉልኝን ነው ያተምኩት» ብዬ ቆጣ ልል አፌን ስከፍት የገዛ እጄ ትዝ አለኝ።

እኛ ጸሐፊዎች አንድ ልማድ አለን። የፈተና ወረቀት ጠርዙ ተቆርጦ እንዳይወጣ ከማተማችን በፊት «ከገጹ ጋር አጣጥም» የምትለዋን ትንሽ ሳጥን እንነካለን። ያኔ ማሽኑ ሁሉን ነገር ጥቂት አሳንሶ ያትማል። ለጽሑፍ ማን ልብ ይለዋል? ሃያ ሁለት ዓመት ሳላስበው እጄ ነክቷታል። የወንድሜንም ወረቀት ሳትም ነክቷታል።

ቦርሳዬን እንኳ አላነሳሁም። በእግሬ እየሮጥኩ ቤት ደረስኩ፤ በኔ ዕድሜ ሩጫ ምን እንደሚመስል ያየ ይፍረድ። ምስጥ ክንፎቹን አውርዶ መሬት ላይ አጋድሟቸዋል፣ በእጁ መጥረቢያ ይዟል። ለማገዶ ሊፈልጣቸው ነበር።

«ቁም!» አልኩት፤ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ወረቀቶቹ የታሉ? ያሥር ሴንቲዋን መስመር ለክተሃታል?»

«ለክቻለሁ። የማተሚያ ቤቱ አሥሩም ገጽ አሥር ሴንቲ፣ ፍጹም።»

«የኔስ? እኔ ያተምኩልህ?»

«ያንቺን አልለካሁም።»

«ለምን?»

«ያንቺ ነዋ፣ እትዬ!» አለኝ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ፊት።

ማስመሪያውን እኔው ደገንኩ። ዘጠኝ ከስድስት። የነገርኳችሁን ሁሉ፣ ስለ ሳጥኗም፣ ስለ እጄም፣ አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ዓይኑን ስነቅፍ የኖርኩ ሰው፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለኔ ኖሯል።

ምስጥ አልጮኸም። አንዱን ክንፍ አንስቶ ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። «ይሄኛው ቀጠን ያለ እንደሆነ ዓይኔ አይቶት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ዝም በል አልኩት። ዓይንህን አትመን ትዪ የለ?»

ከጩኸት ይልቅ ይህ ነው የጎዳኝ። አለቀስኩ፤ እሱ ፊት ካለቀስኩ አባባን ከቀበርን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። እሱ ግን ሐዘን የሚችል ሰውነት የለው፣ ወዲያው ተነሳ።

«እንጨት ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም» አለኝ። «ሁለቱን ትልልቆች በትንሹ ልክ እቀንሳቸዋለሁ። በዓይኔ ግን አልነካቸውም። የትንሹ ካርቶን ጠርዙ በመፋቅ ብዛት አልቋል፤ ሂጂና አንድ ዙር አትሚልኝ።»

«በትክክለኛው ልክ?»

«ኧረ ባክሽ! እንደዚያው አሳስተሽ!»

ወደ ቢሮ ተመለስኩ። ያቺን ሳጥን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አስቤባት ነካሁ። ስህተቴን ሳልቀንስ ሳልጨምር ደገምኩት፤ ከፕሪንተሩ ሲወጣ እያንዳንዷን መስመር ለካሁ፣ አምስቱም ዘጠኝ ከስድስት ነበሩ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ክንፎቹ ተመልሰው ወጡ። ነፋሱ ሲነሳ ሁላችንም ቆርቆሮውን ነበር የምናዳምጠው። ቆርቆሮው ዝም አለ፤ ከላይ የሚሰማው የነፋስ ሹክሹክታ ብቻ ነበር። በያጁ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩና ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ሰኞ ሚስቱ ለካቦው አልደወለችም። «እንቁላሎቹ ይናገሩ» አለች። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጠዋት መብራት ሄደ፤ ቀኑን ሙሉ ሄዶ ዋለ፣ በማግስቱም አልመጣ። ሰፈሩ ጭልም ሲል የኛ ሣጥን አምፖሎች በባትሪው በርተው ነበር። ምስጥ ያን ሁለት ቀን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ አንዴ ጣሪያ ላይ፣ አንዴ ባትሪው ዘንድ፣ አንዴ ሣጥኑ ዘንድ። እኔም ከሥራ እየጠፋሁ መጥቼ አብሬው ስሽከረከር ራሴን ያዝኩት። ቤት ውስጥ ቁጭ ያለችው እሷ ብቻ ነበረች።

በሃያኛው ቀን «እትዬ፣ ነይማ» ብላ አንድ እንቁላል ጆሮዬ ላይ ደገነችልኝ። ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ሣጥኑን ተደግፌ ብዙ ቆየሁ፤ እሷም እንቁላሉን ከጆሮዬ አልነጠቀችኝም።

የወሩ መጨረሻ ዕለት ዛጎሉ በየቦታው ይንቋቋ ነበር። አርባ ሰባቱ ወጥተው፣ ሌሎቹ እየታገሉ ሳሉ ስልኳ ጮኸ። ካቦው ነው። እሷ በርጩማዋ ላይ ናት፤ ሁለት እጇ ገና ያልደረቁ ጫጩቶች ይዟል፣ ጉልበቶቿ ላይም ሦስት አሉ። መነሳት አልቻለችም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። ምስጥ መግቢያው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እግሩ አልተንቀሳቀሰም።

«እሺ፣ ምን ወሰንሽ? ትመጫለሽ ወይስ ለሌላ ሰው ልስጠው?» ይላል ካቦው፤ ከኋላው የማሽኑ ጩኸት ይሰማል።

እሷ ጉልበቷ ላይ ያሉትን ጫጩቶች ተመለከተች።

«ለሌላ ሰው ስጠው» አለችው። «እኔ ተቀምጫለሁ።»